የመልሱ በርሜል

ሰው በትንሽ ድስት ተከብሮ መኖር ሲችል በርሜል ምን ያደርግለታል? ይህን ጥያቄ ባለቤቴ አስቴር በጊዜው ጠይቃኝ ነበር። የመለስኩላትን ስነግራችሁ አሁንም ፊቴ ይቀላል። "አስቴርዬ፣ ሰው ማደግ አለበት" አልኳት። ይኸው አደግኩ።

እኔ ኮልፌ የምኖር፣ በአዘቦት ቀን ቢሮ የምውል፣ በእረፍት ቀኔ ደግሞ ቢራ የምጠምቅ ሰው ነኝ። "እሱ ጠላ ነው" የምትሉ ካላችሁ እዚሁ ፌርማታው ላይ ውረዱና ሌላ ታክሲ ያዙ። አስቴርም እንደ እናንተው ናት። "ብቅል አለው፣ ጌሾ አለው፣ ጠላ ካልሆነ ምንድን ነው?" ትለኛለች። እናንተዬ፣ እኔ የተማርኩት ከስልኬ ነው! ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ አንድ ፈረንጅ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ቆሞ እየጠመቀ ሲያሳይ አይቼ ነው። በዚያ ላይ እኔ ሙቀት እለካለሁ። እርግጥ የምለካው በልጃችን የትኩሳት መለኪያ ነው፤ እሱም ነገሩ ከሰው ትኩሳት ሲያልፍበት ዝም ይላል። ቢሆንም ለክቻለሁ።

የምጠምቀው በአስቴር የዶሮ ድስት ነበር። ከዚያች ድስት የሚወጣው ትንሽ ስለሆነ ለእንግዳ የምሰጠው በቡና ሲኒ ነው። አሁን ሳስበው ዝናዬን ያመጣችው ሲኒዋ ናት። በአንዲት ሲኒ ቢራ የሚያማ ሰው የለማ! ለማማት ቢያንስ ሁለት ብርጭቆ መጠጣት ያስፈልጋል። እንግዳው ከንፈሩን ሳያርስ ሲኒው ያልቅበታል፣ ከዚያ "ኧረ ይሄስ ልዩ ነው" ብሎ ይወጣል። እኔም የእጄ ሙያ መስሎኝ አንገቴን ቀና አድርጌ መሄድ ጀመርኩ።

ወሬው አስኮ ደረሰ። አስኮ የሚኖሩት የአስቴር አባት ጋሽ ደምሴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ከአስቴር ጋር ከተጋባን ጀምሮ በተገናኘን ቁጥር አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል።

"ቢሮ ውስጥ ምንድን ነው የምትሠራው?"

እነግራቸዋለሁ። አስፋፍቼ፣ በምሳሌ፣ በእጄ ጭምር እያሳየሁ እነግራቸዋለሁ።

"እሺ፣ እሱን ሰማሁ" ይሉኛል። "ግን ምን ትሠራለህ?"

እኚህ ሰው አንድ እሑድ ቤታችን መጡ። ሲኒዋን ተቀበሉ፣ ጨለጧት፣ ገልብጠውም አዩዋት። ከዚያ እኔን ሳይሆን ግድግዳውን እያዩ፣ "የሜሮን መልስ እኔ ቤት ነው። መጠጡን አንተ ጥመቅልኝ" አሉ።

ሜሮን የአስቴር ታናሽ እህት ናት፣ የጋሽ ደምሴ የመጨረሻ ልጅ፣ የዓይናቸው ብሌን። ሰርጉን የሙሽራው ወገኖች ያሰናዳሉ፣ መልሱ ግን የእሳቸው ስም የሚነሳበት ወይም የሚወድቅበት ቀን ነው። "ከጎጃም የሚመጡ ሽማግሌዎች አሉ" አሉኝ፣ "መጠጥ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። እንዳታዋርደኝ።" ምን ልበላችሁ፣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አማቴ በሕይወታቸው ከእኔ የጠየቁት የመጀመሪያ ነገር ነበር። በዚያች ደቂቃ አስመራ ድረስ በእግርህ ሂድ ቢሉኝ ጫማዬን እፈልግ ነበር።

"ለማንኛውም ከግሮሰሪ ጥቂት ሳጥን ቢራ ይታዘዝ" አለች አስቴር።

"አንድ ሳጥን እንዳታስገቡ!" አልኩ። "እኔ እያለሁ የሳጥን ቢራ ስድብ ነው።" ጋሽ ደምሴም "ሰማሽ?" አሏት። ሳጥኑ በዚሁ ቀረ።

የዶሮ ድስቷ ለመልስ እንደማትበቃ ግልጽ ነው። ስለዚህ በርሜል። ኮልፌ ብዙ ነገር ሊጎድላት ይችላል፣ በያጅ ግን አይጎድላትም፤ በር የሚበይደው አልጋ ከሚበይደው ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው የሚሠራው። ከመካከላቸው አንዱ ጋ ሄጄ የምግብ ዘይት የነበረበት ትልቅ የብረት በርሜል አስመረጥኩና ክዳኑን እንዲቆርጥልኝ፣ ከታች ቧንቧ እንዲገጥምልኝ ነገርኩት።

"ለምንድን ነው?" አለኝ።

እውነቱን ብነግረው ምክሩ አያልቅም። በያጁ ይመክረኛል፣ ረዳቱ ይመክረኛል፣ በመንገድ የሚያልፈው ሰውዬ ቆሞ ይመክረኛል። "ለውሃ" አልኩት። ሰውዬው ደግሞ ባለሙያ ነው፣ ለውሃ ካልኩት ለውሃ ሠራልኝ። የሚያምር ሰማያዊ የላስቲክ እጀታ ያለው ቧንቧ፣ ከውስጥ ጠብታ እንዳያሳልፍ በጎሚኒ፣ በጎማ ቀለበት፣ ጥብቅ ተደርጎ! እኔም እሳት ላይ የሚጣድ ዕቃ መሆኑን ረስቼ "እጅህን ቁርጥማት አይንካው" ብዬ መርቄው መጣሁ።

ቀጥሎ ወፍጮ ቤት። በትንሿ ድስት ዘመን ብቅሉን እኔና አስቴር በሙቀጫ ነበር ሸርከት የምናደርገው። ፍሬው ይሰነጠቅ እንጂ መድቀቅ የለበትም። ከደቀቀ ፈሳሹ አይለይም። የኩንታል ብቅል ግን በሙቀጫ አይሞከርም። ለወፍጮ ቤቱ ሰውዬ "ሸርከት ብቻ አድርግልኝ፣ እንዳታደቀው" አልኩት። ሰምቶኛል፣ ጭንቅላቱንም ነቅንቋል። ግን ሸርክት እህል አስይዞ ደንበኛ መሸኘት ክብሩ አልፈቀደለትም።

"ወፍጮው ደንዟል ብለው ስሜን ያጠፉታል" አለኝ ሲያስረክበኝ። "ላንተ ብዬ ሁለቴ ነው ያስገባሁት። እስቲ በጣትህ ዳስሰው።"

ዳሰስኩት። የሕፃን አጥሚት ይወጣዋል። መቆጣት ሲገባኝ ይሉኝታ ያዘኝና አመሰገንኩት።

የጥመቃው ቀን ደረሰ። የእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ የዚያን ቀን ተራው የእኛ ነበር፣ ውሃው ግን ተራውን አላወቀም። ከየጎረቤቱ ጄሪካን ለመንኩ። በርሜሉን የሚችል ምድጃ ስለሌለ ግቢው መሃል ጉልቻ ጎልቼ እንጨት አነደድኩ። ጭሱ ወዲያው የእትዬ ማርታን ልብስ ማስጫ አገኘው። እትዬ ማርታ እዚያው ግቢ የሚኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። ጴንጤ ናቸው፣ መጠጥ የሚባል አፋቸው ገብቶ አያውቅም፣ ዓይናቸው ግን ምንም አያመልጠውም።

"ምን እየሆነ ነው?" አሉ ከበራቸው።

"ትንሽ ነገር እያፈላሁ ነው እትዬ።"

"ትንሽ?" አሉ በርሜሉን ወደ ላይ እያዩ።

መልስ ሳልሰጣቸው ሰማያዊው እጀታ ቀለጠ። ተከትሎ ጎሚኒው ቀለጠ፣ ውሃው እሳቱ ላይ ሹር ሹር ማለት ጀመረ። እኔ እዚያው ቆሜ "በያጁ አታለለኝ!" እያልኩ ስጮህ አስቴር ሊጥና ጨርቅ ይዛ እየሮጠች መጣች፤ እንጨት ጠርባ ውታፍ አበጀች፣ ቀዳዳውን ጥርቅም አድርጋ ደፈነችው። ቧንቧ የሚባል ነገር ከዚያ በኋላ አልነበረንም።

ውሃው ሲሞቅ ዱቄቱን ገለበጥኩ። ጥቂት እንዳማሰልኩ ማማሰያው ቀጥ ብሎ ቆመ። ብስበው፣ ብገፋው፣ ወይ ፍንክች። በርሜል ሙሉ ገንፎ ሠርቻለሁ።

አስቴር አጎንብሳ አየችው። "ቅቤ ላምጣ?" አለችኝ።

ፈረንጁ ጋ ፈሳሹ ብቻውን ጥርት ብሎ ነው የሚወርደው። እኔ ጋ ወንፊቱ ተዘጋ፣ ማጥለያው ተቀደደ። ሲጨንቀኝ ገመዱ ላይ የተሰጣ ነጭ ሳሳ ያለ ጨርቅ አየሁና ሳብ አደረግኩት። ከእትዬ ማርታ በር የተደገፈውን ባኞ ጎትቼ አመጣሁ። ገንፎውን በጨርቁ እየቋጠርኩ ባኞው ውስጥ እጨምቅ ጀመር። እንዴት አሪፍ አድርጎ ያጣራል መሰላችሁ! "አገኘሁት! አገኘሁት!" እያልኩ ነበር አስቴር ከቤት የወጣችው።

ለመልሱ ያሠራችው አዲስ ነጠላዋ ነበር። ጥለቱ እንኳ ቀለሙ አልለይ ብሏል።

ያኔ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም። እትዬ ማርታ ብቅ ባይሉ ኖሮ የበለጠ ትል ነበር።

"ባኞዬ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?" አሉ።

"አጥሚት ነው እትዬ።"

"አጥሚት እንዲህ ይሸታል?" አሉና ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ቀና ሲሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ለእኔ ይሁን ለባኞው እየጸለዩ ያሉት ዛሬም አላውቅም።

ብቻ ፈሳሹ ወደ በርሜሉ ተመለሰ፣ ጌሾው ገባ፣ ተንተከተከ፣ በረደ፣ እርሾው ተጨመረ። አፉን በላስቲክ ሸፍኜ በገመድ ጠፈርኩት። ከጉልቻው አውርደን ጥግ እናስጠጋው ብለን የግቢው ወንድ ሁሉ ተረባረበ፤ ንቅንቅ አላለም። እዚያው ግቢው መሃል ነገሠ።

እና ተአምሩን ስሙ፣ ቢራው አማረ! የላስቲክ ክዳኑ ተነፋ፣ አረፋው ገነፈለ፣ ሽታው እስከ ታክሲ መያዣው ወጣ። ማንም እንዲህ ይሆናል ብሎ አልጠበቀም፣ እኔም ጭምር።

የቅምሻው ቀን ጋሽ ደምሴ ከአስኮ መጡ። ችግሩ መቅጃ የለም፤ ቧንቧው በሊጥ ተደፍኗል፣ ክዳኑን ሙሉ በሙሉ ከከፈትነው አየር ገብቶ ያበላሸዋል።

"ቀጭን ጎማ አምጣ" አሉ።

"ምን ሊያደርጉበት ነው ጋሼ?"

"ስንት በረሃ ላይ ነዳጅ ከበርሜል በጎማ ስንቀዳ የኖርን ሰዎች ነን" አሉና ጎማውን በላስቲኩ ጠርዝ ሾለክ አድርገው አስገቡ። ሌላውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ሳቡ። ሾፌር ነዳጅ ሲስብ አፉ የገባውን ይተፋል። ጋሽ ደምሴ አልተፉም። ረጅም ጊዜ ሳቡ። ከዚያ ብርጭቆውን ሞሉ፣ እሱንም ጠጡ፣ ሰማዩን አዩ።

"ትንሽ ይቀረዋል" አሉ። "ነገ መጥቼ አየዋለሁ።"

ይቺን "ትንሽ ይቀረዋል" የምትባል ነገር ልብ በሏት። ግቢው በሙሉ ወዲያው ተማራት። የላይኛው ቤት ጎረቤት ቀምሶ ትንሽ ይቀረዋል አለ። የታችኛው ቤት ሰውዬ ወንድሙን ይዞ መጣና ሁለቱም ትንሽ ይቀረዋል አሉ። ደርሷል ያለ ሰው ነገ ምን ብሎ ይመጣል? በሲኒ ጊዜ "ጨምርልኝ" ለማለት የሚያፍር ሰው ሁሉ በርሜሉን ሲያይ እፍረቱ ጠፋ። ከዚህ ሁሉ አንድ ብርጭቆ ምን ያጎድላል? እኔስ ብሆን! ከቢሮ ስመለስ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር፣ አሁን ሰልፍ አለ። "ኢንጂነር" ብሎ የጠራኝም ነበር። ለእሱ ሁለት ብርጭቆ ቀዳሁለት።

ጋሽ ደምሴ ይህን አይተው ተቆጡ። "አንተ ሰው፣ ይሄ የልጄ መልስ ነው ወይስ የሰፈሩ?" አሉኝ። ክዳኑን በአዲስ ገመድ ራሳቸው ጠፈሩት፣ ጎማውን ጠቅልለው ኮታቸው ውስጥ ከተቱት። "እስከ መልሱ ማንም አይነካውም። ጎማው እኔ ጋ ነው። አንተም ብትሆን እንዳትከፍተው፣ አየር ይገባዋል።" ልቤ ተነካ። ለእኔ ሥራ እንዲህ የሚጨነቅ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። አስቴርን "አባትሽ እኮ ሲያዩዋቸው ነው ኮስታራ የሚመስሉት እንጂ ሩኅሩኅ ናቸው" አልኳት። አስቴር ግን በነጠላዋ የተነሳ ገና አታናግረኝም ነበር።

የመልሱ ጠዋት በርሜሉን ወደ አስኮ የሚወስድ ፒካፕ መጣ፣ ሁለት ወዛደሮች ይዞ። "ኧረ ሁለት አትበቁም፣ የግቢውን ወንድ ልጥራ" አልኳቸው። አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ ያዙና ብድግ! እንደ ባዶ ቅርጫት ይዘውት ፒካፑ ላይ አወጡት።

"ጎበዞች!" አልኩ፣ እያጨበጨብኩ። "ይሄ ነው ወንድ!"

እትዬ ማርታ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። "ጎበዞች ሆነው አይደለም" አሉኝ። "ባዶ ነው።"

"ባዶ ምን ማለት ነው እትዬ?"

"የሚስትህ አባት አንተ ቢሮ ስትሆን፣ አስቴርም ሥራ ስትሄድ ከምሳ በፊት ከች ይላሉ። ጎማ ከኮታቸው ያወጣሉ፣ እዚያች በርጩማ ላይ ቁጭ ይላሉ። የማታው የታክሲ ግፊያ ሊጀምር ሲል ይሄዳሉ። አንዳንዴ በትንሽ ጄሪካንም ይይዛሉ።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"እኔ ስለ መጠጥ ወሬ አላወራም" አሉና በራቸውን ዘጉ።

ፒካፑ ላይ ወጥቼ ገመዱን በጥርሴ ፈታሁት። ታች አተላ አለ። አተላው ላይ ደግሞ አንድ ዝንብ አለች፣ እሷም የጠጣች ትመስላለች። ሜሮን በዓይኔ መጣች። ሙሽራው፣ ድንኳኑ፣ መጠጥ የሚያውቁት ሽማግሌዎች፣ "አንድ ሳጥን እንዳታስገቡ" ያልኩት ሁሉ መጣብኝ። ከዚያ ደግሞ ንዴት። የእኔ አማት! ጎማውን ይዘው! አየር ይገባዋል ብለው! እስከ አስኮ ድረስ ፒካፑ ኋላ ላይ ከባዶ በርሜል ጋር ተቀምጬ የምናገረውን ስለማመድ ሄድኩ።

ጋሽ ደምሴ በአዲስ ኮት፣ በነጭ ሸሚዝ ድንኳኑ በር ላይ ቆመው ነበር። ፒካፑን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። ከድንኳኑ ኋላ ወሰድኳቸው።

"ጋሼ፣ በርሜሉ ባዶ ነው።"

"ባዶ?"

"ባዶ።"

"ጭራሽ?" አሉ። እውነት ገርሟቸዋል። "እኔ እኮ እየቆጠብኩ መስሎኝ ነበር።"

"ጋሼ እንዴት እንዲህ ያደርጉኛል? ዛሬ እኮ ሰው ፊት የምዋረደው እኔ ነኝ! እንግዶቹ እየመጡ ነው!"

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። በትልቁ እጃቸው አገጫቸውን ፈተጉ። "እህ" አሉ፣ "ቢራው እንዲህ ሲጣፍጥ ምን ላድርግ? አንተ ነህ ጥፋተኛው።"

እዚህ ጋ መናደዴን መቀጠል ነበረብኝ። የተለማመድኩት ንግግር ከነቁጣው አፌ ላይ ነበር። ግን እኚህ ሰው በሕይወታቸው "ጣፍጧል" ያሉትን ነገር ሰምቼ አላውቅም፣ የልጃቸውን ወጥ እንኳ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ እንደ ሞኝ "እውነትዎን ነው?" አልኳቸው።

"ይሄን ያህል መንገድ ለመጥፎ ነገር በታክሲ እመላለሳለሁ?" አሉኝ።

የግሮሰሪ ሳጥን ቢራ በሩጫ ተገዝቶ ገባ፤ የቀዘቀዘው ጥቂቱ ብቻ ነው። በርሜሉን ለመመለስ ጊዜ ስላልነበረ ድንኳኑ ጥግ አቆምነው፤ አስቴር ያንኑ የተበላሸ ነጠላ አለበሰችው። እንግዶቹ ገቡ፣ እልል ተባለ፣ ሜሮን አበባ መስላ ተቀመጠች፣ ሁሉም መልካም ሆነ። እስከ ምሳ። ከምሳ በኋላ ከሙሽራው ወገን ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በርሜሉን በከዘራቸው አመለከቱ።

"ያ በወሬ የሰማነው መጠጥ እሱ ነው? መቼ ነው የምንቀምሰው?"

ጋሽ ደምሴ ብድግ አሉ።

"የተከበራችሁ ወገኖቼ" አሉ፣ "መጠጡ አልደረሰም። ትንሽ ይቀረዋል። እኔማ እንግዳ ፊት እንዳታሳፍረኝ፣ ቅዳልኝ ብዬ ለምኜው ነበር። አማቼ ግን በሥራው ቀልድ አያውቅም። ሳይደርስ ጠብታ አላስነካም አለ፣ እኔን እንኳ! ምን ላድርግ፣ ሙያተኛ ነው።"

"እንዲህ ነው ሰው!" አሉ ትልቁ ሽማግሌ። ድንኳኑ በጭብጨባ ተናጋ። አንዲት እናት ከመቀመጫቸው ተነስተው ግንባሬን ሳሙኝ። በስንት ቢራ ያላገኘሁትን ክብር በባዶ በርሜል አገኘሁት። ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው ከማንም በላይ ያጨበጭባሉ።

"እንግዲያው ለቅልቅሉ እናንተ ወደ እኛ ስትመጡ ይዛችሁት ትመጣላችሁ" አሉ ሽማግሌው። "ወገናችን ግን ብዙ ነው። ይህች በርሜል ለሁላችን ትበቃለች?"

እኔ ዝም ማለት እችል ነበር፤ አንድ ደቂቃ ብቻ ዝም ብል ነገሩ በሳቅ ያልፍ ነበር። ግን ሰዎቹ ሁሉ እኔን እያዩ ነበር፣ ግንባሬ ላይ ያረፈው መሳም ገና ትኩስ ነው።

"ይቺማ ለሙከራ ናት" አልኩ። "ትልቁን ገና እያሠራሁ ነው።"

አስቴር ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ዘግይታለች።